የጋሽ አበጋዝ ጀልባ

ልጅ እያለሁ ጀልባ የማውቀው ደጋ ላይ ቆማ ነው። ውሃ ላይ የምትሄድ ነገር መሆኗን ሰምቼ ነበር እንጂ ስትሄድ አላየሁም። ለእኔና ለሰፈራችን ልጆች ጀልባ ማለት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር መካነ ሰላም ውስጥ በጋሽ አበጋዝ ግቢ፣ ከጎመኑ መደብና ከባሕር ዛፉ አጥር መካከል፣ በግንድ ተደግፋ የምትቆም ሰማያዊ የላሜራ ገንዳ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ደብተራችንን አጥሩ ሥር እንጥልና ዘለን እንገባባታለን። ግማሾቻችን ተሳፋሪ፣ ግማሾቻችን ቀዛፊ እንሆናለን። ጎጃም ደርሰን፣ ገበያ ውለን፣ እራት ሳይደርስ እንመለሳለን። ማናችንም አባይን በዓይናችን አይተነው አናውቅም ነበር። ኋላዋ ላይ ሞተር ነበራት፤ ሆዷ ቤንዚንና የረጠበ ገመድ ይሸታል። ዝናብ ሲመጣ ሸራው ሥር ተጠጋግተን እንቀመጥና ጠብታው ላሜራውን ሲደበድበው እንሰማለን። በእኔ ዕድሜ ያላችሁ የመካነ ሰላም ልጆች ያንን ድምፅ የምትረሱት አይመስለኝም።

ጋሽ አበጋዝ በጋውን ሙሉ አባይ በረሃ ወርደው ከወሎ ወደ ጎጃም፣ ከጎጃም ወደ ወሎ ሰው ሲያሻግሩ ይከርማሉ። ያኔ ድልድዩ አልነበረም። ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ውሃው መደፍረስ ሲጀምር፣ ሥራቸውን ያቆማሉ። አባቴ ይማም ደግሞ በአሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፑ ተሳቢ እየጎተተ ይወርድና ጀልባዋን ጭኖ ያመጣላቸዋል። አባቴ ሹፌር ነበር። ጋሽ አበጋዝ በዕድሜ ቢበልጡትም ወዳጆች ነበሩ። እኛ እስላም፣ እነሱ ክርስቲያን፤ በእኛ አገር ይህ ወዳጅነትን የሚያግድ ነገር አልነበረም። ተሳቢውንም ከተጣለ የጭነት መኪና አክስል ላይ አብረው ያሠሩት ነው። ከፊቱ በእጅ የሚዞር ዊንች ነበረው፤ ካቦው፣ የብረት ገመዱ፣ እየተጠቀለለ ጀልባዋን ከመሬት ወደ ተሳቢው የሚስባት፣ ሲለቁት ደግሞ ቀስ አድርጎ የሚያወርዳት እሱ ነው። በዚያ ዓመት ግን ጀልባዋን ከአባይ ሲያወጡ የዊንቹ ጥርስ ተበልቶ አለቀ። ጋሽ አበጋዝ ከአንድ የተገለበጠ የመንገድ ሥራ መኪና ላይ የተፈታ፣ በባትሪ የሚሠራ ሌላ ዊንች አግኝተው ነበር። በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ጎተራው ሥር ተቀምጧል። ለመስከረም እንገጥመዋለን ተባብለዋል።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ እናቴ ዘሃራ ወደ ማዶ ተሻግራ ነበር። እህቷ ሀሊማ ጎጃም ነው ያገባችው፤ ታመመች ተብሎ ተልኮባት ልትጠይቃት ሄደች። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ውሃው ሳይሞላ እመለሳለሁ ብላኝ፣ ጸጉሬን ጎንጉናልኝ ሄደች። አክስቴ ግን ቶሎ አልተሻላትም፤ ዝናቡም ያለ ጊዜው ገባ። ጋሽ አበጋዝ እስከሚችሉት ጠበቋት። ከዚያ ጀልባዋ ወጣች፣ እናቴም እዚያው ማዶ ቀረች። አባቴ «መስከረም ላይ ሕፃኑን ታቅፋ ትመጣለች» ይለኝ ነበር። የጎነጎነችልኝ ጸጉር ተፈቶ ተንጨፍርሯል፤ ሌላ ሰው እንዲሠራኝ አልፈቀድኩም።

ያን ቀን ቅዳሜ ነው። ጠዋት፣ ጀልባዋ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ጓደኞቼን ስጠብቅ አባቴ ወደ ግቢው ሲገባ አየሁት። ሸሚዙን አልቆለፈም። በዚያን ጊዜ ሞባይል በከተማችን ብርቅ ነበር፤ ለእኛ ሰፈር ስልክ የሚደወለው ለባለ ሱቁ ነው። አባቴ ከዚያ መምጣቱ እንደሆነ ያወቅኩት በኋላ ነው። እኔን እንኳ አላየኝም። በር ላይ ገመድ ሲገምዱ ወደነበሩት ወደ ጋሽ አበጋዝ ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ጋሽ አበጋዝ፣ ዘሃራ ደም እየፈሰሳት ነው» አለ። ሰላምታ የለም፣ ምንም የለም።

«የት ሆና?»

«ማዶ። የእህቷ ባል ደወለ። ወደ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸውን መንገድ ጎርፍ ቆርጦታል። በቃሬዛ ወደ አባይ እያወረዷት ነው።»

«ጀልባ እንደሌለ አያውቁም?»

«ያውቃሉ። ይማም መላ አያጣም ብለው ነው።»

ጋሽ አበጋዝ ገመዱን አስቀምጠው ተነሡ። ሰማዩን አዩ፤ ምዕራቡ በኩል ጥቁር ነበር። «ትናንት እዚያ ላይ ሲያወርደው ውሏል» አሉ። «እኔ እንዲህ ሞልቶ ተሻግሬ አላውቅም፤ ይማም።»

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጥተው በሩን ተደግፈው ሲያዳምጡ ነበር።

«አበጋዝ፣ ይህን ውሃ ታውቀዋለህ» አሉ።

«አውቀዋለሁ።»

እትዬ አስካለ ወደ ውስጥ ገቡ። የተከለከልን መሰለኝ። ሲመለሱ ግን የዝናብ ካፖርታቸውንና በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ይዘው ነበር። ለባላቸው አቀበሏቸውና «ልጅቷስ?» ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። አባቴ ዞሮ ያየኝ ያኔ ነው።

«እዚህ ትቆይልኝ።»

«አልቀርም» አልኩ። የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። እንደዚያ ቀን አባቴን እምቢ ብዬው አላውቅም። ሊቆጣኝ ነበር፤ ጋሽ አበጋዝ ግን «ትምጣ። እናቷ ናት» አሉና ነገሩ በዚያ አለቀ።

ጀልባዋን ተሳቢው ላይ ለመጫን ብቻ ቢሆን ጎረቤት ይበቃ ነበር። ወዲያው ወሬው ተሰምቶ ግቢው በሰው ተሞላ፤ «ተሸክመን እናስቀምጣት» አሉ። ጋሽ አበጋዝ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ እናንተ ትሸከሟታላችሁ። እዚያ ገደሉ ላይ በዚያ ውሃ ፊት ማን ይይዛታል? ካመለጠችን አንመልሳትም» አሉ። ስለዚህ ዊንቹ መገጠም ነበረበት፤ ለመስከረም የተቀጠረው ሥራ በዚያች ጠዋት ማለቅ ነበረበት። የመኪና ኤሌትሪክ የሚሠራው ሰው ደግሞ ለሥራ አቀስታ ሄዷል። አባቴ መንዳት እንጂ ሽቦ ነገር ብዙም አያውቅም። ጋሽ አበጋዝም ከአባቴ አይሻሉም።

ያንን ጠዋት ሁሉም ነገር እምቢ አለ። የዊንቹ ብሎኖች ከተሳቢው ቀዳዳ ጋር አልገጥም አሉ። የሰፈራችን በያጅ ተጠርቶ መጣና አዲስ ቀዳዳ በሳ። ከፒክአፑ ባትሪ እስከ ተሳቢው ፊት የሚደርስ ወፍራም የኤሌትሪክ ገመድ አልነበረንም፤ አባቴ የቤት መብራት ሽቦ ደራርቦ፣ ሞተሩ ሥር ተኝቶ በሻሲው ላይ እያሰረ ዘረጋው። ቁልፉን ሲጫኑት ዊንቹ አንዴ አቃሰተ። ከዚያ ከመኪናው ሥር ነጭ ጭስ ወጣ። አባቴ ሽቦውን በባዶ እጁ ነጥሎ ጣለው። የመዳፉ ቆዳ ከሽቦው ልባስ ጋር ተላጠ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ግቢውን ሞላው። አባቴ እጁን አላየውም። ጭቃው ላይ ተንበርክኮ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲል ብቻ ሰማሁት። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር። እናቴ እየሞተች እንደሆነ የገባኝ በዚያች ቅጽበት ነው። እስከዚያ ድረስ መታመሟን ብቻ ነበር የማውቀው።

በያጁ ጥሎን ሄደ። የተናደደ መስሎኝ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ የብየዳ ማሽኑን ገመድ፣ ያንን እንደ እባብ የወፈረ ጥቁር ገመድ፣ ትከሻው ላይ ጠቅልሎ ይዞት ነበር። «ይህ ይችለዋል» አለና ራሱ መኪናው ሥር ገባ። አባቴ የተቃጠለ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ጫፉን ባትሪው ላይ አሰረ። ይህ ሲያልቅ ደግሞ የተሳቢው የኋላ መብራት ቀረ። ቁልቁለቱ ላይ ጭጋግ እንደሚኖር ያውቃሉ። ፍሬን ሲያዝ ከኋላቸው የሚበራ ነገር ከሌለ፣ ተከትሎ የሚመጣ አይሱዙ ከነጀልባዋ ወደ ገደሉ ይዟቸው ይገባል። እኔን የሹፌሩ መቀመጫ ላይ አወጡኝ። እግሬ ፍሬኑ ላይ አልደርስ ስላለ መሪውን ይዤ ቆሜበት፣ ያዢ ሲሉኝ እይዛለሁ፣ ልቀቂ ሲሉኝ እለቃለሁ። ፍሬኑን ስይዝ የሚበራው ፍሬቻው ነው፤ እሱም ደብዝዞ። ሽቦ ቀያየሩ፤ ያው ነው። መሬት የሚነካው ሽቦ ዝገት ላይ መታሰሩን በኋላ አስተዋሉና አባቴ ዝገቱን በቢላ እስኪያበራ ፋቀው። «ያዢ» አለኝ። ያዝኩ። ከኋላ «በራ» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ማንም ግን አልሳቀም።

ጀልባዋ ከግንዱ ላይ ተነሥታ ወደ ተሳቢው ስትሳብ ካቦው ተወጥሮ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አፍንጫዋ ብረቱ ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ መጨረሻ ላይ ሆዷ በሙሉ ተኛ። እትዬ አስካለ በመስኮቱ በኩል አንገቴ ላይ ሻርፕ ጠመጠሙልኝና «አብሽሪ» አሉኝ። ጸሐዩ ወደ እኩለ ቀን ተጠግቶ ነበር። እናቴን ከጠዋት ጀምሮ ደም ሲፈስሳት አስቤ፣ ሰው ውስጥ ምን ያህል ደም እንዳለ ለመገመት እየሞከርኩ መካነ ሰላምን ለቀን ወጣን።

ሜዳውን እንዳለፍን ጭጋጉ ውስጥ ገባን። አባቴ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይነዳል። ጋሽ አበጋዝ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው የመንገዱን ጠርዝ እያዩ «ወደ እኔ አታምጣው፣ ወደዚያ፣ ወደዚያ» ይላሉ። እኔ መካከላቸው ነኝ። በየመታጠፊያው ተሳቢው ከኋላ ይገፋናል፤ ፒክአፑ ጭቃው ላይ ወገቡን ያዞራል። የአባቴ ከንፈር ያለማቋረጥ ይንቀሳቀስ ነበር። ዱዓ ነው። ጋሽ አበጋዝም አንገታቸው ላይ ያለውን ማተብ በጣታቸው ይዘውታል። እኔ አልለቀስኩም፤ ካለቀስኩ የሚመልሱኝ መስሎኝ ነበር።

ወደ ታች ስንወርድ ጭጋጉ ተገፈፈና ሙቀቱ መጣ። የግራሩ ሽታ መጣ። ከዚያ ድምፁ። አባይን ከማየቴ በፊት ሰማሁት፤ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ የተነሣ ይመስል ነበር። መንገዱ ሲያልቅ ከመኪና ወርደን አየነው። ቡናማ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ተሸክሞ ይሮጣል። እኛ ጀልባዋ ውስጥ ስንጫወት በሐሳባችን የምንሻገረው ውሃ ይህ አልነበረም። ማዶ፣ ከጥቁሩ ድንጋይ ላይ፣ ጥቂት ሰዎች ቆመዋል። ከእግራቸው ሥር ነጭ ነገር ተዘርግቷል። አባቴ እጁን አወጣና አወዛወዘ። ከማዶ አንድ ሰው ነጠላ አወዛወዘ።

«አለች» አሉ ጋሽ አበጋዝ። «ባትኖር አይጠሩንም ነበር።»

አባቴ ተሳቢውን ወደ ኋላ አዙሮ እስከ ገደሉ ጫፍ ወሰደው። የመኪናው ሞተር እየሠራ ዊንቹን ለቀቀው፤ ጀልባዋ በካቦው ተንጠልጥላ ቀስ እያለች፣ ድንጋዩን እየፋቀች ወረደች። ውሃው ሲነካት ልትሄድ ተወራጨች፤ ካቦው ያዛት። ጋሽ አበጋዝ ዘለው ገቡና ሞተሯን አስነሡ። አባቴ ወደ እኔ መጣና መልሶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠኝ። አብሯቸው መሄድ ነበረበት፤ የሚያግዛቸው ሰው አልነበረም። «መኪናውን ያላጠፋሁት አውቄ ነው» አለኝ። «ባትሪው ደክሟል፤ ከጠፋ ላይነሣ ይችላል። ምንም አትንኪ። ከዚህም አትውረጂ።» ፊቴን በተጠቀለለ እጁ ያዘኝና ሄደ። ካቦውን ከጀልባዋ ፈቱት።

እዚያ ቦታ ላይ ውሃው ያገዳት አንዲት ጌሾ ነጋዴ ብቻ ነበረች። መጥታ መኪናው በር ላይ ቆመች። ጀልባዋ ከዳሩ እንደራቀች አፍንጫዋ ወደ ላይ ቢዞርም ውሃው ወደ ታች ነው የወሰዳት። ከቁጥቋጦው ጀርባ ጠፋች። የሞተሯ ድምፅም በወንዙ ድምፅ ተዋጠ። አባቴ ውሃው ላይ ነው፣ እናቴ ድንጋዩ ላይ ናት፣ እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ተቀምጬ የሞተር ድምፅ እየጠበቅኩ ነው። ፒክአፑ አልፎ አልፎ ያስላል። ቢጠፋ፣ እናቴን ቢያመጧት እንኳ የሚያወጣን የለም። ጌሾ ነጋዴዋ እጇን በመስኮቱ አስገብታ እጄን ያዘችኝ። «ማን አለሽ ማዶ?» አለችኝ። «እማዬ» አልኳት። እጄን አልለቀቀችም።

ማዶ ያሉት ሰዎች ወደ ታች መሮጥ ሲጀምሩ አየን። ቃሬዛውን አንሥተው እነሱም ጠፉ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወንዙ ላይ ምንም አልነበረም፤ ዛፍ ብቻ ያልፋል። ጌሾ ነጋዴዋ ነች ቀድማ ያየቻት። «ይኸው» አለች። ጀልባዋ ከወንዙ መካከል ነበረች፣ በጎኗ እየሄደች። አንድ ግንድ መጥቶ ሲመታት አየሁ፤ ድምፁ እኛ ድረስ ተሰማ። ዞረች። ሞተሯ ጭስ ተፋና ጸጥ አለ። አባቴ ተነሥቶ በመቅዘፊያ ሲታገል፣ ጋሽ አበጋዝ ሞተሩ ላይ ተደፍተው ሲጎትቱ፣ አክስቴ ሀሊማ የሆነ ነገር ላይ በደረቷ ተኝታ ሳያት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በእኛ በኩል፣ ከመውረጃው ርቆ ከታች፣ አለቱ መካከል ተወሽቀው ነበር።

ካሉበት በድንጋዩ ላይ ተሸክመዋት መጡ። አባቴ በትከሻዋ፣ ጋሽ አበጋዝ በእግሯ፣ አክስቴ ከጎን። ጌሾ ነጋዴዋም ሮጣ ያዘች። እናቴ ነጭ ሆናለች፤ የእናቴ መልክ ጠይም ነው፣ ያን ቀን ግን እንደ አመድ ነጭ ነበረች። የተጠቀለለችበት ጋቢ ታችኛው ግማሽ ጥቁር ሆኖ ረጥቧል። ሲያልፉ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። «ጸጉርሽ» አለችኝ። የኋላ መቀመጫው ላይ አስተኟት፤ አክስቴ ራሷን ታቀፈች፣ እኔ እግሯን። እግሯ የወንዝ ድንጋይ ያህል ቀዝቅዞ ነበር።

አባቴ ወደ መሪው ሊወጣ ሲል ቆመና ወደ ወንዙ ዞረ። ጀልባዋ አለቱ ላይ በአንድ ገመድ ታስራለች። ውሃው እየጨመረ እንደነበር እኔ እንኳ አይቻለሁ፤ ስንደርስ ደረቅ የነበረው ድንጋይ ተውጧል። እሷን ለማውጣት መኪናውን በዳር በዳር ወደ ታች መውሰድ፣ ካቦውን መዘርጋት፣ በዊንቹ መሳብ ያስፈልጋል። ጊዜ ያስፈልጋል። ሁለቱም ይህን እያሰቡ ተያዩ።

«ተሳቢውን ፍታው» አሉ ጋሽ አበጋዝ።

«ዊንቹ ያለ መኪናው አይሠራም፤ ጋሽ አበጋዝ። ባትሪው እዚህ ነው።»

«አውቃለሁ። ተሳቢ ይዘህ ያንን ዳገት በዚህ ጭቃ አትወጣም። ፒንሳውን አምጣ።»

አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ አበጋዝ ራሳቸው ከመቀመጫው ሥር ፒንሳውን አወጡ። ጠዋት ሙሉ የታገልንበትን ሽቦ ለመፍታት አልጠበቁም። መጀመሪያ የመብራቱን፣ ከዚያ እየደጋገሙ እየነከሱ ያንን ወፍራም የብየዳ ገመድ ቆረጡት። ተሳቢውን ከመኪናው ነቀሉና ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ።

«ብቻዎን?» አለ አባቴ።

«ሂድ፤ ይማም» አሉት። ቁጣ የለበትም፤ ልመና ይመስል ነበር።

ወደ ኋላ ሳይ ወደ አለቱ እየወረዱ ነበር። ጌሾ ነጋዴዋ ከኋላቸው ትከተላለች።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣነው አላውቅም። አባቴም በኋላ ሲጠየቅ አላስታውስም ይላል። የማስታውሰው የእናቴን እግር ደረቴ ላይ አስጠግቼ ላሞቀው መሞከሬን ነው፤ አክስቴም «ዘሃራ፣ አናግሪኝ፤ ዘሃራ» ማለቷን። አንዴ መልስ መስጠት አቆመች። አክስቴም መጥራት አቆመች። አባቴ «ሀሊማ?» አለ ሳይዞር። «ንዳ» አለችው። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት በር ላይ ስንደርስ ሰው ሮጦ መጥቶ ከእጃችን ወሰዳት። እኔ የለበስኩት ቀሚስ እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጥቦ ነበር።

እናቴ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም፤ ወንድ ነበር። አባቴና ጎረቤቶቻችን ያንኑ ዕለት ቀበሩት። በማግስቱ ሲነጋ አባቴ ሌላ ባትሪ ተውሶ፣ አዲስ ገመድ ይዞ ወደ አባይ ወረደ። ጋሽ አበጋዝን ያገኛቸው የተሳቢው ጎማ ላይ ተደግፈው ተቀምጠው ነው። መዳፋቸው በገመድ ተልጦ ነበር። ጌሾ ነጋዴዋ ነጠላዋን ቀድዳ አስራላቸዋለች። ሁለቱ ገመዱን ይዘው እስከቻሉት ድረስ ቆይተዋል። አለቱ ላይ ጀልባዋ አልነበረችም፤ ውሃ ብቻ።

አባቴ ሲቀርብ ቀድመው የጠየቁት እሳቸው ናቸው። «ዘሃራስ?»

«ተርፋለች።»

«አልሀምዱሊላህ» አሉ። ማተብ ያሰሩ ሰው እንዲህ ሲሉ ወሎ ላይ ማንም አይገርመውም። ከዚያ ተነሥተው ባዶውን ተሳቢ አብረው ገጠሙና ወጡ።

እናቴ መራመድ እንደቻለች መጀመሪያ የሄደችው እነሱ ቤት ነው። እኔ እጇን ይዤ ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ግቢው ውስጥ ግንዶቹ እንደነበሩ ተጋድመዋል፣ ከላያቸው ምንም የለም። እትዬ አስካለ መጡና በክንዷ ደግፈው አስገቧት። «ቆመሽ አትድከሚ። አንቺ ከወጣሽ ሌላውን ተይው» አሏት። አባቴ ሌላ ጀልባ እናሠራ ብሎ ደጋግሞ ለመናቸው። ጋሽ አበጋዝ ግን ወደ ውሃው መመለስ አልፈለጉም። የወንድማቸው መሬት ወዳለበት ወደ ኩታበር በኩል ሄደው እያረሱ ኖሩ። በየዓመቱ በትንሣኤ እናቴ በግ ከነነፍሱ ትልክላቸው ነበር፣ ራሳቸው ባርከው እንዲያርዱት። እሳቸው እስኪያርፉ አላቋረጠችም።

ዛሬ አባይ ላይ ድልድይ አለ። እኔም ደሴ እኖራለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ፤ የወለድኳቸውም መንገድ ሳያሳስበኝ ነው። ሰዎች ስለ ጋሽ አበጋዝ ሲነሣ «ያቺ ጀልባ እኮ ድልድዩ ሲመጣ መቅረቷ አልቀረም ነበር» ይላሉ። ለማጽናናት ነው። እኔን ግን አያጽናናኝም። እሳቸው ሽቦውን ሲቆርጡ ድልድይ እንደሚመጣ የነገራቸው አልነበረም።

ባለፈው ጥር የአክስቴ ሀሊማ ልጅ ሲያገባ እናቴን ይዤ በሚኒባስ ወደ ጎጃም ሄድኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባይን ተሻግራ አታውቅም ነበር፤ አክስቴ ነበረች ወደ እኛ የምትመጣው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ነጠላዋን እየጠቀለለች እየፈታች ቆየች። ሹፌሩ ዘፈን ከፍቷል። ከፊታችን ያሉት ወጣቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል፣ አንዱ ተኝቷል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ የመኪናው ድምፅ ትንሽ ተለወጠ፣ ውሃው ከታች በጸሐይ አብረቀረቀ፣ ወዲያውም ጎማው እንደገና መሬት ነካ። እናቴ እጄን ጨብጣ ነበር።

«ወንዙ ጋ ደረስን?» አለችኝ።

«ተሻገርነው፤ እማዬ።»

ዞር ብላ በኋላው መስታወት አየች። መታጠፊያው ድልድዩን እስኪሸፍነው ድረስ እያየች ቆየች።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለች።